አንገትጌ ሥር የተሰፋ ጽሑፍ

«ማርካ ማንበብ የነጋዴና የጎረምሳ ሥራ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ሰው የሚያነበው ሰውን ነው።»

ይህን የጻፈልኝ የማከብረው ወዳጄ ነው። ጠቡን የጫርሁት ግን እኔ ነኝ። ሰሞኑን አንድ ልብ ወለድ አነበብሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ በ1964፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ባሸነፈበት ዓመት (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ከመርካቶ የገዛውን የአዲዳስ ጫማ ተጫምቶ ይወጣል። በጫማው ምላስ ላይ ባለ ሦስት ቅጠሉ ምልክት ይታያል። ደራሲው በጎን ያሉትን ሦስት መስመሮች ብቻ ቢጠቅስ ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር። ሦስቱ ቅጠል ግን ከ1971 በፊት አልነበረም። ስለዚህ ገጸ ባሕርዩ ገና ሰባት ዓመት የሚቀረውን ምልክት ተጫምቶ ፒያሳን ይዞራል ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን?» ይላል ወዳጄ። ይህ ወዳጄ ግን አንድ ደራሲ በ1964 ደርግን ቢያነግሥ መጽሐፉን ወርውሮ የሚጥል ሰው ነው። የቤተ መንግሥቱ ዘመን ሲሳሳት ያመዋል፤ የእግሩ ዘመን ሲሳሳት አያመውም። ለመሆኑ ታሪክ በዙፋን ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚቀመጠው?

የብራና መጻሕፍት አጥኚዎቻችንን እናደንቃለን። ጸሐፊው ዘመኑን ባይነግራቸው የፊደሉን ቅርጽ አይተው፣ በመጨረሻው ገጽ የተጠቀሰውን ንጉሥና ጳጳስ አመሳክረው «ከዚህ ዘመን ወዲህ ነው» ይላሉ። አንገትጌ ሥር የተሰፋችው ቁራጭ ጨርቅም የምትለን ይህንኑ ነው፤ «ከዚህ በፊት አልተሰፋሁም» ትለናለች። ከዚያ በላይ አትልም። ማስተዋል የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት ከእናቴ ካፖርት ነው። ከሳልባጅ ተራ የተገዛ፣ ገበሩ የተቀደደ የሴት ካፖርት ነው። በቤታችን ስሙ «የጣሊያን ጊዜ ካፖርት» ነበር፤ ለምን እንዲህ እንደተባለ የሚያስታውስ ሰው የለም። እናቴ ካረፈች በኋላ ገበሩን ላሰፋ ስገልጠው፣ በጎን ስፌቱ ውስጥ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያላት ትንሽ መለያ አገኘሁ። የአሜሪካው ዓለም አቀፍ የሴቶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበር ምልክት ናት። ማኅበሩ በ1900 ተመሥርቶ በ1995 ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋሕዷል። ምልክቱ ሦስቱን ቀለማት የያዘው ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። እንግዲህ «የጣሊያን ጊዜ» የተባለው ካፖርት ጣሊያን ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የተሰፋ ነው።

ወዳጄ «አየህ፣ የእናትህን ተረት ገደልኸው» አለኝ። አልገደልሁትም። ያቺ መለያ ሌላ ታሪክ ሰጠችኝ። ይህ ማኅበር በ1909 የኒው ዮርክ ሸሚዝ ሰፊ ሴቶች ባደረጉት ታላቅ አድማ የተጠናከረ ነው። መጋቢት 25 ቀን 1911 በትራያንግል ፋብሪካ በተነሣው እሳት 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። የመለያዋ ትርጉም፣ ይህን ልብስ የሰፉት በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞች ናቸው የሚል ነበር። እናቴ ያቺን መለያ ስንት ክረምት ጎኗ ላይ ይዛ ስትሄድ አንድም ቀን አላየቻትም። ይህ ሰውን ማንበብ ካልሆነ ምንድን ነው?

በሌላ በኩል ከወዳጄ ይልቅ የሚያናድዱኝ አሉ። አንዲት ፊደል አይተው «ቪንቴጅ» ብለው ዋጋ የሚቆልሉት ናቸው። በሊቫይስ ሱሪ ቀይ መለያ ላይ ያለው «ኢ» ፊደል እስከ 1971 ድረስ ትልቁ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ኩባንያው ራሱ የድሮውን ሱሪ አስመስሎ ሲሠራ ትልቁን ፊደል መልሶ ይሰፋዋል። በእንግሊዝ ከ1941 እስከ 1952 በመንግሥት ቁጥጥር የተመረቱ ልብሶች 41 የሚል ቁጥር ነበረባቸው፤ ቁጥሩ ሥርዓቱ የተጀመረበት ዘመን እንጂ ልብሱ የተሰፋበት አይደለም። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ጫማ ግን ከ1949 እስከ 1990 ከነበረች አገር መምጣቱን ይነግረናል። የአስተጣጠብ መመሪያ ልብስ ላይ መስፋት በአሜሪካ ግዴታ የሆነው በ1972 ነው፤ ይሁንና ከዚያ በፊት በፈቃዳቸው የሰፉ ስለነበሩ መመሪያው ስላለ ብቻ መፍረድ አይቻልም። መለያውን፣ ስፌቱን፣ ዚፑንና ጨርቁን አንድ ላይ ያላየ ሰው ዘመን አይቁረጥ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ ወደ ሐዋሳ ይምጣ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ተመረቀ። በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የጀማሪ ሠራተኛዋን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብሎ መዘገበ። በኅዳር 2021 ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጦርነቱ ምክንያት ፋብሪካውን ዘጋ፤ በጥር 2022 ደግሞ አገሪቱ ከአጎዋ ተሰረዘች። ባለፈው ወር ከአንድ የዋሽንግተን ያገለገሉ ልብሶች መደብር «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚል ሸሚዝ በአራት ዶላር ገዛሁ። የሰፋችው ልጅ ስሟ የለም፤ የማኅበር ምልክትም የለም። ያለችው ያቺ አንድ መስመር ብቻ ናት።

ይህን ለወዳጄ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። እሱም እንደዚያ ያለ ሸሚዝ እንደነበረውና መለያው አንገቱን ስለበላው በመቀስ ቆርጦ እንዳወጣው ነገረኝ። ወዳጄ ሆይ፣ ካልጣልኸው በፖስታ ላክልኝ።