ውኃውን ማን ቀዳው?

እኛ ተማሪዎች ክረምት ሲመጣ «ገጠር ሄጄ አረፍ ብዬ ልምጣ» እንላለን። እኔም ለዓመታት ስል ኖሬአለሁ። ስለዚህ አባባል ቆም ብዬ ያሰብኩት ግን አያቴ ቤት ሆኜ አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ አንድ ሐይቅ ዳር፣ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ፊንላንድ ለጥቂት ወራት የመማር ዕድል አግኝቼ ነበር። ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ አብሮኝ የሚማር ልጅ «ለአንድ ሳምንት ከቤተሰቤ ጋር ሞኪ እንሂድ» አለኝ። ሞኪ ማለት የፊንላንድ ቤተሰቦች ሞቃቱን ወራት የሚያሳልፉባት የገጠር ጎጆ ናት። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እነሱ ጋ በጋ ነው። አገሪቱ 5.6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ሲኖራት፣ እንዲህ ዓይነት ጎጆዎች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ናቸው። ስለዚህ ሞኪ የሀብታም ቅንጦት ብቻ አይደለችም፤ የራሱ የሌለው የአያቱ ወይም የአክስቱ ዘንድ ይሄዳል።

ከሄልሲንኪ በባቡር ወደ ምሥራቅ ተጉዘን፣ ሳይማ የሚባለው የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ዳር ደረስን። እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ቪላ ነበር የጠበቅሁት፤ ያገኘሁት ከግንድ የተሠራች ትንሽ ቤት ናት። ቧንቧ የለም። መጸዳጃው ደጅ ነው። የሚጠጣው ውኃ ከጉድጓድ፣ የመታጠቢያው ከሐይቅ ይቀዳል። ሳውናው የሚሞቀው በእንጨት ነው። «ይሄማ እኛም አገር አለ፤ ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው?» አልኩ በሆዴ።

በነጋታው የጓደኛዬ ሴት አያት ምንም ሳይሉ ሁለት ባልዲ አስጨበጡኝ። እንግዳ ነኝ ማለት አልሠራም። ዘወር ብዬ ሳይ ጓደኛዬ እንጨት ይፈልጣል፣ አባቱ ዓሣ ያጸዳሉ፣ ወንድ አያቱ ሳህን ያጥባሉ። እናቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው መጽሐፍ ያነባሉ። በማግስቱ ተራው ይቀየራል። ከሐይቁ እስከ ሳውናው መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ያም ሆኖ በስድስተኛው ምልልስ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ ነው ታናሽ እህቴ ትዝ ያለችኝ።

አያታችን ቤት በየክረምቱ አብረን ነው የምንሄደው። እኔ መደብ ላይ ጋደም ብዬ ልብ ወለድ ሳነብ፣ ጀሪካን አዝላ ምንጭ የምትመላለሰው እሷ ነበረች። ከምንጩ እስከ ቤት ግማሽ ሰዓት ዳገት ነው። የቡናው ውኃ፣ የወጡ ውኃ፣ እኔ ማታ እግሬን የምታጠብበት ውኃ ሁሉ በእሷ ጀርባ ነው የመጣው። አንድ ቀን «ነይ ላግዝሽ» ብያት አላውቅም። ስንመለስ ሰው «ገጠር እንዴት ነበር?» ሲለን እኔ ስለ አየሩና ስለ እርጎው አወራለሁ፤ እሷ ዝም ትላለች። ዝምታዋ የገባኝ ሳይማ ዳር ነው።

ማታ ሳውና ገባን። የጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ሲደፋ የሚነሳውን እንፋሎት ሎይሊ ይሉታል። ከዚያ ወጥቶ ሐይቅ ውስጥ መግባት ነው። ይህ የሳውና ባህላቸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኖ ገና ብርሃን ነው። በረንዳው ላይ ቡና ስንጠጣ (በቡና መውደድ ፊንላንዶች አይታሙም) ሴት አያቱን፣ ጓደኛዬ እየተረጎመልኝ፣ «ድሮም ወንዶቹ ውኃ ይቀዱ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «በልጅነቴማ እኔና እናቴ ነበርን። ለእናቴ ሞኪ ማለት ዕረፍት አልነበረም፤ ሌላ ማድ ቤት ነበር» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህች መልስ ናት። ፊንላንድ ለሴቶች የመምረጥንም የመመረጥንም መብት የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። እንዲያም ሆኖ በዚያ ቤት ባልዲው ወደ ሁሉም እጅ እስኪደርስ ትውልድ ፈጅቷል። ሕግ ብቻውን ባልዲ አያነሳም ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ ተራ መግባት ያስፈልጋል።

«የእነሱ እኮ ለመዝናናት ነው፤ ከተማ ሲመለሱ ቧንቧቸውን ይከፍታሉ» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ወዶ ለሳምንት መቅዳትና ሳይወዱ ዕድሜ ልክ መቅዳት አንድ አይደሉም። አያቴ መንደር ቧንቧ መግባት አለበት፤ ምንጭ መውረድን እንደ ውበት የሚያወራ ሰው ወርዶ አያውቅም። ግን ቧንቧው እስኪመጣ ጀሪካኑን ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ በጀት አይጠይቅም። ባልዲው ሲዞር ሁሉም ያርፋል። ካልዞረ የአንዱ ዕረፍት የሌላው ድካም ነው።

ባለፈው ክረምት ጀሪካኑን እኔ ተሸከምኩ። የመንደሩ ልጆች ሳቁብኝ። አያቴም «ኧረ ተው ልጄ፣ ሰው ምን ይለናል?» አሉኝ። እህቴ በመጀመሪያው ቀን አላመነችኝም፤ ተከትላኝ ወረደች። በሦስተኛው ቀን ግን ተኝታ አረፈደች።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ዘንድሮ ገጠር ደርሳችሁ «አርፌ መጣሁ» ከማለታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ውኃውን ማን ቀዳው?