ፊትን ለምላጭ ከመስጠት በፊት

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ከዋሽንግተን የመጡ አክስቴን ለመጠየቅ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ነበር። ሻንጣቸው ገና ሳይፈታ አንዷ ዘመዳችን ትኩር ብላ አየቻቸውና «ምነው እንዲህ ተጎሳቆልሽ?» አለች። ሌላዋም ቀበል አድርጋ «አሜሪካ ያለ ሰው ያምርበታል ሲባል አልነበረም እንዴ?» ብላ ጨመረችበት። ሁሉም ሳቀ፤ አክስቴም አብረው ሳቁ። ማታ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ግን ከቦርሳቸው አንዲት ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። የፊት ቆዳ ማንሳት ቀዶ ጥገና፣ በተለምዶ «ፌስሊፍት» የሚባለው፣ የሚሠራበት ክሊኒክ የሰጣቸው የዋጋ ዝርዝር ነበር። ጠቅላላ ሒሳቡ 15 ሺህ ዶላር ይላል።

«58 ዓመቴ ነው» አሉኝ። «የምሠራው በሆቴል እንግዳ መቀበያ ነው። አዲሱ አለቃዬ በዕድሜ ከልጄ ያንሳል። ጠዋት ጠዋት ‹ደክሞሻል እንዴ?› ይለኛል። እኔ አልደከመኝም፤ የደከመው ፊቴ ነው። አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ላድርገው ወይስ ልተወው?»

ለመሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልሱ ምንድን ነው? «ሽበትና ሽብሽብ የዕድሜ ጸጋ ነው» ብሎ መሸኘት ይቀላል። ሆኖም ወንዱ ሲሸብት «ግርማ ሞገስ አገኘ»፣ ሴቷ ስትሸብት ግን «አረጀች» የምንል ሰዎች ይህን ለመናገር አፍ የለንም። በሌላ በኩል ደግሞ «አድርጊው» ብሎ መግፋት በሰው ፊት መወራረድ ይሆናል። ስለዚህ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብዬ ጥቂት ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ያገኘሁትን ዕውቀት ለአንባብያንም ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በመጀመሪያ፣ የአክስቴ ጭንቀት አዲስ አይደለም። ፊትን በቀዶ ጥገና ማንሳት በአውሮፓ የተጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ነው። በፓሪስ ሱዛን ኖኤል የተባለች ሴት ሐኪም ፊታቸው በጦርነት የቆሰለ ወታደሮችንም፣ መልካቸው በመጠውለጉ እንጀራቸውን እንዳያጡ የሰጉ ሴቶችንም ታክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህ ሕክምና ማኅበራዊ ጥቅም እንዳለው ተከራክራለች።

«ፕላስቲክ ቀዶ ጥገና» ሲባልም አንዳንዶች እንደሚመስላቸው ሰውነት ውስጥ ፕላስቲክ ይገባል ማለት አይደለም። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ቅርጽ መስጠትን ያመለክታል። በአገራችንም በየካቲት 12 ሆስፒታል እንደሚደረገው፣ በእሳት የተጎዳን ሰው አካል ማቃናት የዚሁ የሙያ ዘርፍ ሥራ ነው።

ሥራው እንዴት ይከናወናል? ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ከጆሮ ግንድ በላይ ካለው ፀጉር ጀምሮ በጆሮ ፊት ለፊት ይቀድና በጆሮ ሥር ዞሮ ከኋላ ወዳለው ፀጉር ይደርሳል። ቆዳው ይገለጣል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ሽፋን ተጎትቶ ይጠብቃል፤ የተረፈው ቆዳ ተቆርጦ ይሰፋል። በቀድሞው ጊዜ የሚጎተተው ቆዳው ብቻ ስለ ነበረ ፊት የተወጠረ ይመስል ነበር፤ ውጤቱም ቶሎ ይላላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች ከቆዳ ሥር ያለውን ይህን ሽፋን በዝርዝር ካስረዱ በኋላ ግን አሠራሩ ተሻሽሏል።

ጥቅሙ የት ድረስ ነው? ከመንጋጋ ሥር የተንጠለጠለውን ቆዳ ያነሳል፤ የላላውን አንገት ያስተካክላል። የግንባርን መስመር፣ የዓይን ቆብን መውረድ፣ ፀሐይ ያመጣውን ማድያት አያነሳም። ለእነዚህ ሌላ ሕክምና፣ ሌላም ወጪ አለ። ዕድሜንም አያቆምም። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ቢቆይ ነው። የራቀ ባልን አይመልስም፤ የአለቃንም ጠባይ አያርምም።

አደጋውስ? በብዛት የሚያጋጥመው ከቆዳ ሥር ደም መቋጠር ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ በመሆኑ፣ በዚያች ሌሊት በሽተኛዋ ብቻዋን ማደር የለባትም። በአንድ በኩል ብቻ ሕመምና እብጠት እየጨመረ ከሄደ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። አክስቴ ደግሞ የግፊት ክኒን ይወስዳሉ፤ በዋጋው ዝርዝር ላይ ግን ስለ ግፊት የጠየቃቸው አልነበረም።

ሁለተኛው የነርቭ ጉዳት ነው። የጆሮ አካባቢ መደንዘዝ የተለመደ ሲሆን ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሲነካ ግን አፍ ሊጣመም፣ ቅንድብ ሊወርድ ይችላል። ይህ በአብዛኛው ከጊዜ በኋላ የሚመለስ ቢሆንም፣ በጥቂቶች ላይ ሳይመለስ ይቀራል።

ሦስተኛው ጠባሳ ነው። ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጠው፣ ሐኪሞች ኬሎይድ የሚሉት ጠባሳ፣ ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ዘንድ በብዛት ይታያል። ጆሮሽ ሲበሳ ወይም ክንድሽ ሲከተብ እንዲህ አብጦ ከነበረ ይህን ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። የአክስቴ ግራ ጆሮ ጀርባ ላይ በልጅነታቸው ከተበሱ ጀምሮ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች። ምላጩ የሚያልፈውም በዚያው በኩል ነው።

የምታጨስ ሴት ከሆነች ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። ሲጋራ የደም ሥርን ስለሚያጠብ የተገለጠው ቆዳ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ጥናት ይህ አደጋ በሚያጨሱት ላይ ከማያጨሱት 12 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሞች ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ሲጋራ እንዲቆም ያዝዛሉ። አስፒሪንና አንዳንድ የዕፅዋት ክኒኖችም ደም ያፈስሳሉና የሚወሰደው መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

ማደንዘዣም እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኦሊቪያ ጎልድስሚዝ በልቦለዷ ባሎቻቸው በወጣት ሴቶች የለወጧቸውን ሚስቶች ታሪክ ጽፋ ዝናን ያተረፈች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2004 ከአገጯ ሥር ያለውን ቆዳ ለማስተካከል ገብታ፣ በማደንዘዣው ሳቢያ ራሷን እንደ ሳተች አረፈች። እንዲህ ያለው ሞት በጣም ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ይሁን እንጂ «ትንሽ ነገር ነው» የሚባል ቀዶ ጥገና እንደሌለ ያስተምረናል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቃ ለመወሰን የምትፈልግ ሴት የሚከተሉትን ትጠይቅ። ሐኪሙ የሠለጠነው በዚህ ሙያ ነው? በአሜሪካ ለምሳሌ፣ ተራ የሕክምና ፈቃድ ሳይሆን የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ቦርድ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት መጠየቅ አንድ መንገድ ነው። የእኔን ቆዳ የመሰለ ቆዳ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው? ችግር ቢፈጠር ወደ የትኛው ሆስፒታል እወሰዳለሁ? እንደገና መታረም ቢያስፈልግ የሚከፍለው ማን ነው? በተለይ ዋጋው ረከሰ ተብሎ ወደ ሌላ አገር የሚኬድ ከሆነ፣ ከተመለስኩ በኋላ ቁስሉን የሚያይልኝ ማን ነው? «ቅናሹ የሚያበቃው ነገ ነው» ብሎ የሚያጣድፍ ክሊኒክ ቢኖር፣ መልሱ ከዚያ ተነሥቶ መሄድ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ግን ለሐኪሙ ሳይሆን ለራስ የሚቀርብ ነው፤ ይኸውም «ይህን የምፈልገው እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው?» የሚለው ነው። በሐዘን ወይም በፍቺ ማግስት ይህን ጥያቄ በቀና ልብ መመለስ ስለሚያዳግት፣ ውሳኔውን ማቆየት ይበጃል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከተመለሱ ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ደወሉ። አንድ ባለሙያ ሐኪም ዘንድ ሄደው ኖሯል። የጆሮ ጠባሳቸውን አይቶ አደጋውን ሳይሸሽግ ነግሯቸዋል፤ ግፊታቸው ሳይስተካከልም እንደማይነካቸው አስታውቋቸዋል። «ታዲያ ምን ወሰኑ?» አልኳቸው።

«አሁን ግፊቴን እያስተካከልኩ ነው። ሌላውን ከዚያ በኋላ አየዋለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም «አለቃዬን ግን ‹ከእንግዲህ ደከመሽ ወይ እያልህ አትጠይቀኝ› አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ። ለዚህኛው ምላጭ አላስፈለገም» ብለው ሳቁ።

ቢያደርጉትም ቢተዉትም ፊቱ የእርሳቸው ነው፤ ውሳኔውም እንዲሁ። የእኛ ድርሻ ሌላ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ በር ላይ ሲቆም፣ «ተጎሳቆልሽ» ከማለታችን በፊት «እንኳን ደኅና ገባሽ» ማለትን እንልመድ።