የአያቴን ድምፅ አጠፋሁት!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፍቅረኞች አይደለም። ከፍቅር ግን አይርቅም። ደብዳቤው የመጣው ከነገሌ ቦረና ነው። ጸሐፊው የ25 ዓመት ወጣት ሲሆን «ስሜ ይቆይ» ስላለ ይቆይለት።

እንዲህ ይላል፦ «እናትና አባቴ የተጋቡት በ1991 ዓ.ም. ነው። ሠርጋቸው በቪዲዮ ተቀርጿል፣ ያውም ሦስት ሰዓት ሙሉ! እናቴ ካሴቱን፣ ዴኩንና አሮጌውን ቴሌቪዥን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃቸው። ላስደስታት ብዬ ካሴቱን ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት። የሚንቀጠቀጠውን፣ ቡና ቀላው በቅቤ ሲጠበስ የሚያሳየውን፣ የሽማግሌዎቹን ረጅም ንግግር ሁሉ ቆርጬ፣ ዘፈን ጨምሬ 40 ደቂቃ አደረግኩት። እናቴ ስልክ ላይ ማየት ስለማይሆንላት ወደ ካሴት መመለስ ነበረብኝ። ባዶ ካሴት ከተማውን ዞሬ አጣሁ። ምን ቸገረኝ ብዬ እዚያው የሠርጉ ካሴት ላይ ቀዳሁበት።»

ወይ ጉድ! ቀጥሎ የሆነውን መገመት አያቅትም። እናት ቡና አፍልተው፣ ጎረቤት ጠርተው ተቀመጡ። ሙሽሪት ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሚሰማው ዘፈን ብቻ ሆነ። «አባቴ የመረቀኝስ የታለ?» አሉ። አያትየው ካረፉ ቆይተዋል። ድምፃቸው የቀረው እዚያች ካሴት ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እናት ከልጃቸው ጋር «መጣህ? በላህ?» ከማለት በቀር ቃል አይለዋወጡም። «ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ወንድሜ፣ እኔም 12ኛ ክፍልን የጨረስኩት እዚያው ቆላ ነው። አንተ ረጅም ንግግር ያልከውን ቦረናዎች ኤባ እንደሚሉት ታውቃለህ። ሽማግሌው ሲመርቅ ያልተቀበለ ሰው እንደ ባለጌ ነው የሚቆጠረው። አንተ ደግሞ ቆርጠህ ጣልከው! ይሁንና ወቀሳው ይብቃህ። አሁን ወደሚጠቅመው እንሂድ።

መጀመሪያ፣ ካሴቱን ከዴኩ አውጣው። ሦስት ሰዓት የሚይዝ ካሴት ላይ 40 ደቂቃ ብትቀዳ የሄደው 40 ደቂቃው ነው። ቀሪው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በቦታው አለ። የተቀዳበት ክፍል ግን አይመለስም። ዴክ አዲሱን ከመጻፉ በፊት አሮጌውን እየጠረገ ነው የሚሄደው። «ከሥሩ አወጣልሃለሁ» የሚልህ ካለ ገንዘብህን ሊበላ ነው።

ሁለተኛ፣ ተስፋህ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ኤዲት ስታደርግ የቆረጥከው ከሥራህ ላይ እንጂ ከገለበጥከው ዋናው ፋይል ላይ አይደለም። ካላጠፋኸው ሦስቱም ሰዓት ከነአያትህ ድምፅ እዚያ ተቀምጧል። አጥፍተኸው ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩን ዛሬውኑ መጠቀም አቁም። ሃርድ ዲስክ ላይ የጠፋ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ አንዳንዴ ይገኛል። ወደሚያውቅ ባለሙያ ውሰደው።

ሦስተኛ፣ የአባትህን ወገኖች ጠይቅ። ያኔ የሠርግ ካሴት ከዴክ ወደ ዴክ እየተቀዳ ለዘመድ ይታደል ነበር። ቅጂው የደበዘዘ ቢሆንም ድምፁ ከተሰማ ምን ትፈልጋለህ?

እናንተ ሌሎቻችሁ ልብ በሉ። ከካሴቱ ጀርባ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለች። እሷ ከተሰበረች ዴኩ አልቀዳም ይላል። ደብዳቤ ጸሐፊያችን የተሰበረውን ቦታ በፕላስተር ሸፍኖ እንደቀዳ ነግሮኛል። ያቺን ምላስ የሰበረ ሰው እኮ «እዚህ ላይ ማንም እንዳይቀዳ!» ብሎ ነው የሰበራት።

ካሴት ላይ መቅዳት የግድ ከሆነ ባዶ ካሴት ፈልጉ፤ የማይፈለግ አሮጌ ፊልም ያለበትም ይሆናል። ከኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚቀይር መሣሪያ አገናኙና «ፓል» ላይ አድርጉት። ቢጫውን የምስል፣ ነጭና ቀዩን የድምፅ ገመድ ዴኩ ላይ «ኢን» በሚለው ሰክታችሁ፣ ዴኩን ወደ ኤቪ መልሱት። ፍጥነቱ «ኤስፒ» ይሁን። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ሞክራችሁ እዩት። ከዚያ ዴኩን አስጀምሩ፣ አሥር ሰከንድ ጠብቁ፣ ቪዲዮውን ክፈቱ። የ40 ደቂቃ ፊልም ለመቅዳት 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። መሀል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና «ሀ» ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ሲያልቅ ምላሷን ሰብራችሁ፣ ካሴቱን ከሙቀትና ከአቧራ አርቃችሁ አቁማችሁ አስቀምጡት። ዴኩንም ተንከባከቡት። የመጨረሻው ዋና አምራች የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል። የእናታችሁ ዴክ ከተበላሸ ምትኩ አሮጌ እንጂ አዲስ አይደለም።

ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። ፋይሉ ቢገኝ እሰየው። ባይገኝስ? እናትህ ዘንድ ብቻህን አትሂድ። አያትህን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ይዘህ ግባ። «ካሴት ስላጣሁ ነው» አትበል። «ዋጋውን ሳላውቅ ነው፣ አጥፍቻለሁ» በል። ምሕረት ካገኘህ በኋላ ስልክህን ከፍተህ ያንን ምርቃት በራሳቸው አፍ እንዲነግሩህ ለምናቸው። ሃያ ስንት ዓመት እያዩት የኖሩትን በቃላቸው ሳይዙት አይቀሩም። የአያትህን ድምፅ አይተካም፣ አውቃለሁ። የእናትህ ድምፅ ግን ለልጆችህ ይቀራል። እሱን ደግሞ አንድም ቃል እንዳትቆርጥ!

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።