ባለሜዳ ነን ካላችሁ ሜዳውን አሳዩን

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከግብፅ ጋር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫወቱ። በወረቀት ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ናት፤ ጨዋታው የተካሄደው ግን ካዛብላንካ ነው። 2 ለ 0 ተሸነፍን። ወሩ ረመዳን ስለነበር እዚህ ሩሰይፋ ከተራዊህ መልስ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ሲከራከር ሰነበተ። አሰልጣኙ ለምን እገሌን አሰለፈ፣ ለምን እገሌን ቶሎ አልቀየረም፣ ሳላህን ለምን ለቀቁት! «ቆይ ግን፣ የኛ ጨዋታ ሞሮኮ ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ለምደነዋላ! እኔን ያናደደኝ ሽንፈቱ አይደለም፤ መልመዳችን ነው።

ነገሩን ከሥሩ እናስታውስ። ከዚያ በፊት ዋልያዎቹ የማጣሪያ ጨዋታ በአገራቸው ለመጨረሻ ጊዜ ያደረጉት መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፉ። ከዚያ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ከለከለ። የአዲስ አበባውም በሩ ዝግ ነበር። ከወር በኋላ ጋናን «ያስተናገድነው» ጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 የረታንበት ያ ደስ የሚል ምሽት እንኳ የማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው ያለፈው። ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ኮንጎን ዳሬሰላም ላይ ጠብቀን 2 ለ 0 ተሸነፍን። መጋቢት 2017 ላይ ደግሞ ካዛብላንካ። ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖ ነበር እኮ!

እኛ ይሄን ኑሮ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በሰው አገር ስትኖር ኢቃማህ የሚታደሰው በካፊልህ በኩል ነው፤ ዛሬ ያለህበት ቤት ነገ ያንተ ላይሆን ይችላል። ዋልያዎቹም ካፊል ፈላጊ ሆነዋል። ፌዴሬሽኑ ጨዋታ በደረሰ ቁጥር ሜዳ የሚሰጠው አገር ያፈላልጋል፤ የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉን፣ የሜዳውን ወጪ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። ከትኬት የሚገባለት ግን ከምንም አይቆጠርም፤ ካዛብላንካ ድረስ ሄዶ ትኬት የሚገዛ የመርካቶ ልጅ የለማ። እኛስ የተሰደድነው እንጀራ ፍለጋ ነው። ብሔራዊ ቡድን ምን ፍለጋ ይሰደዳል?

«ሜዳ ጎል አያገባም» የሚሉኝ ወንድሞች አሉ። እሺ፣ 2005ን እናስታውሳ። ሱዳን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 አሸንፋን ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ፣ 2 ለ 0 ሆነ፣ ድምሩ 5 ለ 5። ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ጎሎች አልፈን ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። ያን ቀን ስታዲየሙ ውስጥ የነበረ ሰው ጎሉን ማን እንዳገባው ይነግርሃል፤ የሕዝቡን ድምፅ ግን ሳይጠየቅ ነው የሚያወራልህ። ሜዳ ብቻውን ያሸንፋል አላልኩም፤ ከዓመት በኋላ በዚያው ስታዲየም ናይጄሪያ 2 ለ 1 አሸንፋን የዓለም ዋንጫውን መንገድ ዘግታብናለች። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሌላው ቡድን ሁለት ጨዋታ ሲኖረው አንዱን በቤቱ ይጫወታል፤ እኛ ሁለቱንም በእንግድነት።

ታዲያ እኛ ደጋፊዎች ምን አደረግን? አሰልጣኝ ማባረር ላይ ተጠመድን። አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድኑን ካሜሩን ለተደረገው አፍሪካ ዋንጫ አደረሱ፣ በኋላ ሄዱ። አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ መጡ፣ ሄዱ። ከዚያ አሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ መጡ፤ የሳቸውንም መውጫ በር ገና ከጅምሩ አሳየናቸው። አሰልጣኝ ይተቻል፣ መተቸትም አለበት። ግን በየጨዋታው ሻንጣ ይዞ የሚዞር ቡድን ላይ ጣት ቀስሮ አሰልጣኙን ብቻ መርገም፣ ቤት የሌለውን ሰው ለምን በርህን አልዘጋህም ብሎ እንደመቆጣት ነው።

«አገሪቱ ድሃ ናት፤ ከስታዲየም በፊት ዳቦ» የሚለውን ክርክር አከብረዋለሁ። ጦርነቱም መፈናቀሉም የማናችንንም ቤት ሳያንኳኳ አላለፈም። ነገር ግን እኛ የቸገረን የስታዲየም ግንብ አይደለም። ግንብማ ሞልቷል! ባሕር ዳር አለ፣ ሐዋሳ አለ፣ መቀሌ አለ፣ ነቀምቴ አለ። ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል የተባለው አደይ አበባ ስታዲየም በ2008 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከዛሬ አንድ ጨዋታ አላየም። የጎደለው የግንቡ ማለቂያ ነው። ካፍ የሚጠይቀው ሌላ ታምር አይደለም፤ ለሌሊት ጨዋታ የሚበቃ መብራት፣ ቁጥር ያለው ወንበር፣ ደረጃውን የጠበቀ የመልበሻ ክፍል፣ የሕክምና ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ ሰው በሥርዓት የሚገባበትና የሚወጣበት በር፣ ደህና ሣር። ካፍን በ1949 ዓ.ም. ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ይድነቃቸው ተሰማም ለዐሥራ አምስት ዓመት መርተውታል። ራሳችን በመሠረትነው ቤት ሕጉ አላወቀንም ማለት አንችልም።

እዚህ አገር በግንባታ ላይ የሠራ ሰው ይሄን ለማስረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ሕንፃ አለቀ የሚባለው ግድግዳው ሲቆም ነው እንዴ? ቧንቧው ውኃ ሲያመጣ፣ መብራቱ ሲበራ፣ ሽንት ቤቱ ሲሠራ፣ ባለቤቱ ቁልፉን ሲረከብ ነው። በአገራችን ግን ግንቡ እንደቆመ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ። የቀረውን ማን ይጨርስ? ፌዴሬሽኑ «ስታዲየሙ የኔ አይደለም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ የመንግሥትና የክልሎች ነው። ክልሉ «በጀት አልተለቀቀም» ይላል። ነገሩ የሁሉም ሆኖ የማንም አይደለም።

አንዳንዶቻችን ደግሞ ተስፋ ቆርጠን ወደ ጅዳ አዙረናል። ኢትሓድና አህሊ አሉልን፣ ቤንዜማን በዓይናችን አይተናል፣ ምን አስጨነቀን ይባላል። ኳስ ማየት ሐራም አይደለም፤ እዩ። የጅዳው አል ጀውሃራ በ2014 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶች ገብተው የክለብ ጨዋታ ያዩት እዚያው ነው። ለ2034ቱ የዓለም ዋንጫ በአምስት ከተሞች 15 ስታዲየም ተዘርዝሯል። ግን በሰው ሀብት አንታለል። እነዚያ ስታዲየሞች የሚሠሩት እንደኛው ከቤቱ በራቀ ወዛደር ጉልበት ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የሥራ ለውጥ ማሻሻያም በየቤቱ የሚሠሩ እህቶቻችንን አላካተተም። ከዚህ አገር አንድ ነገር ብቻ እንውሰድ፤ የጀመሩትን መጨረስ። ሌላውን ለነሱ እንተውላቸው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። በጥቅምት 2017 የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ኢትዮጵያ የ2029ኙን አፍሪካ ዋንጫ ማስተናገድ እንደምትፈልግ ተነገረ። በ1954 አስተናግደን ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን አንስተናል፤ በ1960 እና በ1968ም አስተናግደናል። እንደገና ብናስተናግድ ከኔ በላይ የሚደሰት የለም። ግን ለአንድ ጨዋታ የሚሆን ሜዳ ያጣ አገር ለ24 ቡድን ሜዳ አዘጋጃለሁ ሲል፣ ሰው ምን ይላል? ወላሂ፣ ለሠርግ ድንኳን ከመጥራት በፊት ምድጃው ይሠራ።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከመካከላችን «ለዋልያዎቹ መዋጮ እናድርግ» የሚል ሐሳብ ተነስቷል። ሐሳቡን ያመጡት ልጆች ቅን ናቸው፤ አገር ወዳድነታቸውን አልጠራጠርም። እኔ ግን እቃወማለሁ። የኛ ሪያል ከላብ የወጣ ነው፤ እናት የምትታከምበት፣ ታናሽ የሚማርበት ነው። ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ስንገዛ የት እንደሚገባ እናውቅ ነበር፤ ግንቡ ከፍ ሲል፣ ውኃው ሲሞላ አይተናል። ለዋልያዎቹ የምንሰጠው ገንዘብ ግን የካዛብላንካ ሆቴል ሒሳብ ነው የሚሆነው። ስደታቸውን ለማራዘም ነው የምናዋጣው።

በገንዘቡ ፈንታ ደብዳቤ እንጻፍ። ማኅበራችን በጅዳው ቆንስላ በኩል ለፌዴሬሽኑም ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴርም ይላክ። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ስታዲየሞቹ በሙሉ ይቅሩና አንዱ ይመረጥ፤ ካፍ በሱ ላይ ጎደለ ያለው ነገር በዝርዝር ለሕዝብ ይነገር። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ጉድለት የሚሞላው መሥሪያ ቤትና የሚያልቅበት ቀን ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ ከዚያ ስታዲየም አንድ የማጣሪያ ጨዋታ እስክናይ ድረስ ስለ ማስተናገድ አይወራ። ይሄ ከተመለሰ በኋላ መዋጮም ከተባለ ለአንድ አምፖል፣ ለአንድ ወንበር ብለን እናዋጣለን፤ የመጀመሪያውን እኔ እሰጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቡን አቀርባለሁ። የሚቃወመኝ ይምጣና በፊቴ ይከራከረኝ። የአሰልጣኙን ጉዳይ ግን ያን ቀን አታንሱብኝ፤ ሜዳው ከተገኘ በኋላ በሱ እንደልባችን እንጣላለን።