የስፖርት መኪና ልዕልና በተቀነሰው ኪሎ ይለካ

ስለ ስፖርት መኪና ሲወራ ቀድሞ የሚጠየቀው የፈረስ ጉልበቱ ነው። ጉልበት ሲጨምር ግን ሞተሩ ይገዝፋል፤ ማቀዝቀዣው፣ ፍሬኑና ጎማው አብረው ይተልቃሉ፤ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሻንሲም መጠናከር አለበት። ከተጨመረው ጉልበት ቀላል የማይባለው ራሱ ያመጣውን ሸክም ሲጎትት ያልቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ክብደቱ ነው እላለሁ። ቀላል መኪና ፈጣን ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ሊነዱት የሚመችም ነው።

ምስክሬ እ.ኤ.አ. በ2017 በጄኔቫ አውደ ርዕይ ለእይታ የበቃው አልፒን ኤ110 ነው። የሚሠራው ዣን ሬደሌ በ1955 ኩባንያውን በመሠረተባት የፈረንሳይ የወደብ ከተማ በዲዬፕ ነው። ስሙን ያወረሰው የቀድሞው ኤ110 ቀላልነቱን ይዞ በ1973 የመጀመሪያውን የዓለም ራሊ ሻምፒዮና በአምራቾች ዘርፍ አሸንፏል። አዲሱ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ሲሆን ጉልበቱ 252 ፈረስ ነው፤ በዛሬው መለኪያ የሚያስደንቅ አይደለም። ክብደቱ ግን 1,100 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከቆመበት ተነሥቶ በ4.5 ሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል። ሻንሲውና አካሉ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ አንዱ መቀመጫ 13 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል። የእጅ ፍሬኑን ከኋላው የእግር ፍሬን ጋር በማዋሐድ ደግሞ 2.5 ኪሎ ተርፏል። ለዚህች ትንሽ ትርፍ ይህን ያህል የተጨነቁ መሐንዲሶች ክብር ይገባቸዋል።

የስፖርት መኪና ወገብ ይሰብራል የሚለው እምነት የመጣው ከከባዶቹ ነው። ከባድ መኪና በመታጠፊያ ላይ እንዳያዘነብል ጠንካራ ሞላ ይፈልጋል፤ ጠንካራ ሞላ ደግሞ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ለተሳፋሪው ጀርባ ያቀብላል። ለቀላሉ ለስለስ ያለ ሞላ ይበቃዋል። በኤ110 አራቱም ጎማዎች በላይና በታች ክንድ ስለተያዙ አካሉ ትንሽ ቢያዘነብልም ጎማው መሬቱን በደንብ ይረግጣል። ርዝመቱ 4.18 ሜትር በመሆኑ በጠባብ የከተማ መንገድ አያስቸግርም።

ዕቃ አይችልም ለሚሉ፣ እውነት ነው፤ የፊትና የኋላ መጫኛው ተደምሮ 200 ሊትር አይሞላም፣ መቀመጫውም ሁለት ነው። ለቤተሰብ አይሆንም። ዋጋውም ውድ ነው፤ አሉሚኒየም ከብረት ይወደዳል፣ የሚመረተውም በጥቂቱ ነው። ከሁሉ የሚከብደው የደህንነት ጥያቄ ነው። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ የባሰው ድንጋጤ የሚደርሰው ቀላሉ ላይ መሆኑን ፊዚክስ ያስረዳል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ክብደትን በክብደት መመከት እያንዳንዱ ሰው ከጎረቤቱ የባሰ ከባድ መኪና እንዲገዛ የሚያስገድድ ሩጫ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት እግረኛውና ብስክሌተኛው ናቸው።

ጥያቄው ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ አልፒንም የኤ110ን ተተኪ በኤሌክትሪክ ለመሥራት ወስኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብቻውን ብዙ መቶ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ዲዬፕ ላይ ከፍሬን 2.5 ኪሎ የቀነሱት ሰዎች አሁን ያንን ሸክም የሚያካክሱበትን መላ መፈለግ አለባቸው፤ ከየትኛውም የፈረስ ጉልበት ቁጥር በላይ የምጠብቀው የእነሱን መልስ ነው።