ለለቀሙትስ ስንት ደረሳቸው?

ባለፈው የነቢያት ጾም መግቢያ ሰሞን፣ በሌክውድ ወዳለችው አነስተኛ ሱቄ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ጥሬ ቡና ሊገዙ መጥተው፣ ፍሬውን ከኬሻው ዘግነው በመዳፋቸው ካገላበጡና ካሸተቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይርጋ ጨፌ መሆኑንስ አፍንጫዬ ነገረኝ፤ ለለቀሙት ግን ስንት ደረሳቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «እማማ፣ እኔ የምገዛው ከአከፋፋይ ነው» ከማለት በቀር የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። እርሳቸው ሒሳባቸውን ከፍለው፣ መርቀውኝ ሄዱ፤ ጥያቄው ግን ከእኔ ዘንድ ቀረ።

ከኦሮራ ተነሥቶ፣ ዴንቨርን አቋርጦ፣ በሌክውድ በኩል እስከ ጎልደን በሚዘልቀው በኮልፋክስ ጎዳናና በአካባቢው የምንነግድ ኢትዮጵያውያን ባለ ሱቆች፣ ጀበናና ስኒ በመስኮታችን ደርድረን ቡና የአገራችን ክብር መሆኑን ለእንግዳው ሁሉ ስንመሰክር፣ ያንን ክብር በላቡ ያፈራው ገበሬ ምን እንዳገኘ ሳንጠይቅ ዓመታት ማሳለፋችን፣ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሥርዓት የሚደነግግ አንቀጽ ያለበትን ፍትሐ ነገሥት ለወረሰ ሕዝብ የሚገባ ነው ብዬ አላምንም።

ምሳሌ የሚሆነን አላጣንም። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ፣ ሸማኔዎች የሚገኙባቸው 28 ሠራተኞች ከድህነታቸው አዋጥተው፣ ዱቄትና ቅቤ፣ ስኳርም ባዕድ ነገር ሳይቀላቀልበትና ሚዛኑ ሳይጎድል የሚሸጥበትን ሱቅ ከፈቱ። በአገራችንም በ1991 ዓ.ም. የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ተቋቁሞ፣ በአቶ ታደሰ መስቀላ መሪነት የአባላቱን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገዢ ማቅረብ ጀመረ፤ የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ዩኒየኖችም ተከተሉት። ፍትሐዊ ንግድ በሚባለው ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በተሻሻለው ደንብ መሠረት፣ እንዲህ ላሉት ማኅበራት ለታጠበ የአረቢካ ቡና በፓውንድ ከ1.80 ዶላር የማያንስ መነሻ ዋጋ ይከፈላል፤ ገበያው ከዚያ ሲበልጥ የገበያው ዋጋ ይሆናል። ከዚህም ሌላ በእያንዳንዱ ፓውንድ 20 ሳንቲም ለማኅበሩ ይታሰባል፤ ትምህርት ቤት ይሠራበት ወይስ ማጠቢያ ጣቢያ ይታደስበት የሚለውን የሚቆርጡት አባላቱ ራሳቸው ናቸው።

ታዲያ እኛ ከእነዚህ ዩኒየኖች ለምን አንገዛም? የንግዱ ልማድ በኮንቴይነር ስለሆነ ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ያህል ኬሻዎች ይይዛል፤ ይህን ብቻዬን ባመጣ፣ አብዛኛው ሳይሸጥ አርጅቶ መዓዛው ይጠፋል። ነገር ግን በሁለት ሳምንት አንድ ኬሻ የሚሸጡ 12 ሱቆች ቢተባበሩ፣ በዓመት 312 ኬሻ፣ ማለትም አንድ ኮንቴይነር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ይሸጣሉ፤ ከሃያ ሳንቲሟ ብቻ ከ8 ሺህ ዶላር በላይ ለገበሬው ማኅበር ይደርሳል። ደግሞም የእኛ ደንበኛ ቡናውን በቤቱ ቆልቶ የሚጠጣ ስለሆነ፣ ሌላው ነጋዴ የሚሻው የመቁያ ፋብሪካ ለእኛ አያስፈልገንም። ዳኛና ጸሐፊ ሾመን፣ ዕጣ ጥለን፣ በቃል መተማመን ብቻ ገንዘብ ስናሰባስብ የኖርንበት እቁብ ለዚህ ሥራ ያልበቃ ለምን ሥራ ይበቃል?

ሆኖም ስለ ሩቁ ገበሬ ስናገር፣ የቅርቡን በደል ሸሽጌ ማለፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሌሊት ተነሥተው እንጀራ ጋግረው ጎሕ ሲቀድ በየሱቃችን የሚያደርሱልን እኅቶች አሉ፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ያደረግሁት፣ ያልተሸጠውን መልሼ ኪሳራውን በእነርሱ ላይ መጣልና የተሸጠውንም ዋጋ በሳምንቱ መጨረሻ መክፈል ነበር። የጤፉ ዋጋ ሲወጣ እነርሱ ከትርፋቸው ይቀንሱ ነበር እንጂ እኔ አልጨምርላቸውም ነበር። በማሸጊያው ላይ የፍትሐዊ ንግድ ማኅተም ያለበትን ቡና በመደርደሪያ ላይ አቁሞ፣ ከመደርደሪያው ሥር እንጀራ ጋጋሪዋን በዱቤ ማንከራተት ርትዕ አይደለም። ከገና ወዲህ የማዝዘውን ቁጥር ለክቼ በዕለቱ እከፍላለሁ፤ የተረፈውም የእኔ ዕዳ ነው። በእርግጥ ከትርፌ ቀንሷል፤ ግን ዛሬ ምን ያህል እንደሚሸጥ አስቀድሜ ማሰብን ስለ ተማርሁ፣ የሚጣለው እንጀራ ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ሆኗል።

የኪራዩ ነገር እያስጨነቀን፣ ደንበኛውም ርካሹን ፍለጋ ወደ ትልልቆቹ መደብሮች እየሄደ፣ በፓውንድ ጥቂት ሳንቲም መጨመር ያከስረናል የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ስጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን ዋጋው የሚወደደው ብዙ እጅ ስለሚያልፍም ነውና፣ ከመካከል ያለውን እጅ ስናሳጥር ለገበሬው የምንጨምረው ሁሉ ከገዢው ኪስ ይወጣል ማለት አይደለም። ይህን በግምት ሳይሆን በቁጥር ማየት ይቻላል። ስለዚህ በሌክውድ፣ በዴንቨርና በኦሮራ ያላችሁ ባለ ሱቆች፣ ባለፈው ዓመት ስንት ኬሻ እንደ ሸጣችሁና በስንት እንደ ገዛችሁ ከመዝገባችሁ ገልብጣችሁ ያዙልኝ፤ ከቅዳሴ በኋላ በአንዱ እሑድ ቁጭ ብለን እንደምረው።