ያልተከፈለ የትምህርት ዕዳ

ባለፈው ሰሞን ወደ አዴት ወርደን ከወረዳው ወጣት ሠራተኞች ጋር ቡና ስንጠጣ ጨዋታው ሁሉ ስለ ዝውውር ነበር። አንዱ ባሕር ዳርን፥ ሌላው አዲስ አበባን ይመኛል፤ አሜሪካን የሚያልምም አልታጣም። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ያልቈየን ስለ ሆንን ይህን ምኞት የምንነቅፍበት አፍ የለንም። ነገር ግን በአሜሪካ ስለ ተማሩት ኢትዮጵያውያን ሲነሣ የሐኪም መላኩ በያንን ስም ብንጠራ የሚያውቀው አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አልመሰለንም።

እንደሚታወቀው በአሜሪካ ባርነት በሕግ ከተሻረ በኋላም ቢሆን ጥቁሩ ሕዝብ ከብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ይመለስ ነበር። በ1859 ዓ.ም. በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፥ በ1873 ዓ.ም. በአላባማ የተስኪጊ ትምህርት ቤት፥ ሌሎችም ብዙዎች የተቋቋሙት ስለዚህ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከሞርሃውስ፥ የጋናው ክዋሜ ንክሩማህ ከሊንከን የወጡ ናቸው። እነዚህ ቤቶች የተከፈቱት ለተከለከሉት ነበርና የሚያስተምሩት ለእንጀራ ብቻ አልነበረም፤ የተማረ ሰው ላልተማረው ወገኑ ባለዕዳ መሆኑን ጭምር ነው እንጂ።

በራቸው ለእኛም ክፍት ነበር። ሐኪም መላኩ በያን የሕክምና ትምህርታቸውን በሃዋርድ በ1927 ዓ.ም. ፈጽመው ወዲያው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፋሺስት ኢጣልያ ሲወረን በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ ያክሙ ነበር። በኋላም ወደ ኒው ዮርክ ተልከው በ1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ጥቁር አሜሪካውያንን ለነጻነታችን አስተባበሩ። በ1932 ዓ.ም. እዚያው ኒው ዮርክ ሲያርፉ ዕድሜያቸው 40 ዓመት ገደማ ነበር፤ አገራቸው ነጻ ስትወጣ ለማየት አልታደሉም። ከተስኪጊ የወጣው አብራሪ ጆን ሮቢንሰንም በ1927 ዓ.ም. መጥቶ በጦርነቱ ጊዜ በሰማያችን በረረ፤ ከድሉ በኋላ ተመልሶ የእኛን ልጆች በረራ አስተማረ፤ በ1946 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ ዐረፈ።

ከሁሉ ይልቅ ሊረሱ የማይገባቸው ግን መምህሩ ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ ናቸው። በሃዋርድ ማስተማር ሲጀምሩ አፍሪካ የራሷ የጥንት ታሪክ አላት የሚል መምህር በአሜሪካ ጥቂት ነበረ። ከገዛ ባልደረቦቻቸው እንኳ «ማስረጃው የታለ?» እያሉ የተቃወሟቸው ነበሩ። እርሳቸው ግን ስለ ኩሽና ስለ አክሱም ማስተማራቸውን ሳያቋርጡ፥ ከወረራው አስቀድሞ ከመላኩና ከሌሎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤን መሠረቱ። በፈረንጆች 1964 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው። የእኛ ተማሪ የአውሮፓን ነገሥታት ስም በቃሉ ሲወርድ የሃንስበሪን ስም አለመስማቱ ያሳፍራል። ትምህርት ቤቶቻችን የመላኩንና የሃንስበሪን ታሪክ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ቢያስገቡት የሚጠይቀው ወጪ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው።

ወደ አዴት እንመለስ። ከተማዪቱ የግብርና ምርምር ማእከል ያለባት ስለ ሆነች ከዚያ ያገኘናቸው ወጣቶች ብዙዎቹ ስለ አፈር መናገር ይወዳሉ፤ የምዕራብ ጎጃም መሬት ኮምጣጣነት ያስጨንቃቸዋል። እኛም ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር አጫወትናቸው። ካርቨር ከባርነት ቤት ተወልዶ በተስኪጊ የግብርና መምህር የሆነ ሰው ነው። ጥጥ ያደከመውን መሬት ኦቾሎኒና ሌላ ጥራጥሬ እያፈራረቁ በመዝራት ማዳን እንደሚቻል ያስተምር ነበር። (የጎጃም ገበሬም በደከመ መሬቱ ላይ ግብጦ ይዘራል፤ እኛ ከተሜዎች ግብጦን የምናውቀው ከአረቂ ጋር ብቻ ነው።) ካርቨር ገበሬው ወደ ትምህርት ቤቱ እስኪመጣ አልጠበቀም። በ1898 ዓ.ም. በእርሱ ንድፍ የተሠራ፥ በበቅሎ የሚሳብ ጋሪ ከተስኪጊ ተነሥቶ ትምህርቱን እየጫነ በየመንደሩ መዞር ጀመረ።

ይህን ስንናገር አንዱ የልማት ሠራተኛ ጋሪው ምን ምን እንደ ጫነ ጠየቀን። የእርሻ መሣሪያ፥ ዘር፥ የቅቤ መናጫ አልነው።

«ይኸማ በባጃጅ ይቻላል» አለ።

ጓደኛው ሣቀበትና «በክረምት የትኛው ቀበሌ ነው ባጃጅ የሚያስገባህ? እንደ ሰውየው በቅሎ ፈልግ እንጂ» አለው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ መንገዱ ሆነ፤ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስም አላለቀም።